የባሕር ጠለል ለምን ከፍ ይላል? በወሎ ክፍሎች ሊሠሩ የሚችሉ የተግባር ሙከራዎች

የባሕር ጠለል ከፍታ መጨመርን በሙከራ ማስተማር ሲባል ተማሪው ሁለቱን ዋና መንስኤዎች በእጁ ሠርቶና በማስመሪያ ለክቶ እንዲረዳ ማድረግ ነው። አንደኛው የባሕር ውሃ ሲሞቅ መስፋቱ ነው፤ ሁለተኛው በየብስ ላይ ያለ በረዶ ቀልጦ ባሕር መግባቱ። ትምህርቱ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ የአጠቃላይ ሳይንስ፣ የጂኦግራፊና የፊዚክስ ክፍለ ጊዜያት ይስማማል። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ይሠራዋል፤ አብዛኛው ዕቃ ደሴም ወልድያም ገበያ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 የዓለም የባሕር ጠለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ከ2006 ወዲህ እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ደግሞ ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ነበር። ከ1971 እስከ 2018 ለታየው ጭማሪ ግማሽ ያህሉን ያስከተለው የውሃው መስፋት ነው። የተራራ ግግር በረዶዎች 22 በመቶ፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ 20 በመቶ ድርሻ ሲኖራቸው፣ የቀረው 8 በመቶ በፓምፕ እንደሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ካለ በየብስ ተከማችቶ ከነበረ ውሃ የመጣ ነው። የክፍለ ጊዜው አከፋፈልም ይህን ድርሻ ሊከተል ይገባዋል። «በረዶ ቀለጠ፣ ባሕር ሞላ» ብሎ የሚያልፍ መምህር ግማሹን ምክንያት ሳያስተምር ይቀራል።

የወሎ ተማሪ ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይኑ ላያውቀው ይችላል፤ ወንዞቹን ግን ያውቃል። ከምሥራቁ ተዳፋት የሚወርዱት ቦርከናና ሚሌ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። በምዕራብ በኩል በሽሎ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ከላስታ የሚነሳው ተከዜም በአትባራ አድርጎ ናይል ይገባና ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ትምህርቱን ከዚህ መጀመር ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም «ክረምቱ ሲበረታ ባሕሩ ይሞላል» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ጎርፍ ግን በመጀመሪያ ከባሕር የተነነው ውሃ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ጭማሪ የሚኖረው ለብዙ ዘመን በየብስ ላይ የቆየ በረዶ ወይም ውሃ ሲለቀቅ፣ አለዚያም ባሕር ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ሲሰፋ ነው።

የየብስ በረዶና ተንሳፋፊ በረዶ

ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ወገባቸው ላይ ይቆረጡና የታችኛው ክፍል ይወሰዳል። በሁለቱም ውስጥ ተመሳሳይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጣል። በአንደኛው ድንጋዩ ከውሃው በላይ ጎልቶ ይወጣል፣ በረዶውም ከላዩ ይጫናል። በሌላኛው ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ይሰምጥና በረዶው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ለእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ኩባያ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ቢያድር ይበቃል። በረዶውን ከቤት ወይም ከጁስ ቤት ይዞ ለመምጣት በፌስታል ጠቅልሎ ሰጋቱራ ውስጥ መቅበር ረዘም ላለ ሰዓት ያቆየዋል።

ምልክት የሚደረገው በረዶው ከተቀመጠ በኋላ ነው። በተንሳፋፊው ዕቃ ላይ በረዶው ከመግባቱ በፊት የተሰመረ መስመር ሙከራውን ያበላሻል፤ በረዶው ገና ሲገባ ውሃውን ገፍቶ ከፍ ያደርገዋልና ተማሪው ያንን በመቅለጥ የመጣ ጭማሪ ነው ብሎ ይጽፈዋል። በረዶው ድንጋዩን ከነካ ወይም ከዕቃው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እንደተንሳፈፈ አይቆጠርም። ሲያልቅ በየብሱ ዕቃ ውሃው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በተንሳፋፊው ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም፣ ምክንያቱም ተንሳፋፊ በረዶ ቀድሞውኑ የክብደቱን ያህል ውሃ ገፍቷል። በደሴ ብርድ 200 ሚሊ ሊትር በረዶ በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ከእረፍት በኋላ ማንበብ፣ ወይም በረዶውን ከፋፍሎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ይሻላል። ኮምቦልቻ ላይ ይፈጥናል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ካርታው ይሄዳል፦ በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ የተንሳፈፈው በረዶ የትኛውን ዕቃ ይመስላል? ግሪንላንድስ? የግሪንላንድ በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ ጠለሉ 7 ሜትር ያህል፣ የአንታርክቲካ ሁሉ ቢቀልጥ 58 ሜትር ያህል ይጨምራል። ነቃ ያለ ተማሪ «ባሕሩ እኮ ጨው ነው» ካለ ልክ ነው። በሊትር 35 ግራም ጨው በሟሟበት ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ንጹሕ በረዶ ሲቀልጥ ጠለሉን በጥቂቱ ከፍ ያደርገዋል። በዚህ ዕቃ ግን ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ በማስመሪያ አይነበብም፤ በስሌት ብቻ ማሳየት ነው።

ውሃ ሲሞቅ መስፋቱ

ብዙ የሚያስተምረውም ብዙ የሚበላሸውም ሙከራ ይህ ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ፣ ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ውታፍ፣ ውስጡ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ 40 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ቱቦ፣ ቴርሞሜትርና 4 ሊትር የሚይዝ ሳፋ ያስፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ጥሩ ይሠራል። ሃይላንድ ለዚህ አይሆንም፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲጨመቅም ውሃውን ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ ይቀዘቅዛል፤ ያልፈላ ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሟሟው አየር አረፋ እየሆነ ይወጣል። ጥቂት ቀይ ቀለም ይጨመርበትና ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሞላል። ውታፉ ሲገባ ከሥሩ አየር መቅረት የለበትም። አየር ከውሃ እጅግ አብልጦ ስለሚሰፋ፣ 10 ሚሊ ሊትር አየር ብቻ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ማስቲካ ወይም ሻማ ውታፍ አይሆንም፣ ሙቀት ሲያገኘው ያፈሳል። ቱቦው ከማስመሪያ ጋር በፕላስተር ቀጥ ብሎ ይታሰርና ጠርሙሱ 50 ዲግሪ አካባቢ ባለው ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። የፈላ ውሃ ጠርሙሱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጠርሙሱ ሳፋው ውስጥ እንደገባ በቱቦው ያለው ቀይ ውሃ መጀመሪያ ትንሽ ዝቅ ይላል። ተማሪዎች «ወረደ!» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው፤ ሙቀቱ ቀድሞ የደረሰው ጠርሙሱ ጋ ስለሆነ መስታወቱ ሰፍቶ ለውሃው ቦታ ለቋል። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ይወጣል። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ 0.6 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ያ ከ300 ሚሊ ሊትሩ 1.8 ሚሊ ሊትር ሲሆን በዚህ ቱቦ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቆማል። ሰፋ ያለ ስትሮው ከተተካ ከፍታው ሩቡን ያህል ላይሞላ ይችላል፤ ውሃው የሰፋው ግን ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ቡድኖች የሚያወዳድሩት ከፍታን ሳይሆን የመጠን መቶኛን ይሁን።

መነሻ ሙቀቱም መመዝገብ አለበት። ከ40 ወደ 50 ዲግሪ የሚሰፋው ከ10 ወደ 20 ከሚሰፋው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከ4 ዲግሪ በታች ያለ ንጹሕ ውሃ ሲሞቅ እንዲያውም ይኮማተራል። የባሕር ውሃ በጨዉ ምክንያት ይህ ጠባይ የለውም፤ ስለዚህ ከፍሪጅ በወጣ ውሃ አለመጀመር ነው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የሚፈትሽ መምህርም 100 ዲግሪን አይጠብቅ። ውሃ ደሴ ላይ በ92፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ባለመታወቁ ብቻ ደህና ቴርሞሜትር «ተበላሽቷል» ተብሎ ሊጣል ይችላል።

ከጠርሙሱ ወደ ውቅያኖስ የሚያሻግረው አንድ ስሌት ነው። የላይኛው 700 ሜትር ውሃ በ1 ዲግሪ ቢሞቅና ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.0002 እጥፍ ቢሰፋ፣ 700 በ0.0002 ሲባዛ 0.14 ሜትር፣ ማለትም 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 0.6 በመቶን ንቆ የነበረ ተማሪ እዚህ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል።

በሁለት ጠርሙስ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ በአምፖል ሥር «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሞቃል» የሚለው የተለመደ ሙከራ ባይጨመር ይመረጣል። የሚታየው ልዩነት ባመዛኙ ከአምፖሉ ርቀትና ከባዱ ጋዝ ከአየሩ ጋር ካለመቀላቀሉ ስለሚመጣ፣ ትክክለኛውን ነገር በተሳሳተ ማስረጃ ያስተምራል።

ጊዜ ከተረፈ ባሕሩ ምን ያህል የብስ እንደሚውጥ በአሸዋ ይታያል። በሳፋ አንድ ጎን አሸዋው በ10 ሴንቲ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ እንዲል ሆኖ ይደለደላል፤ በሌላው ጎን ቀጥ ያለ ይደረጋል። ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር በለጥ ባለው በኩል ዳርቻው 10 ሴንቲ ሜትር ያፈገፍጋል፣ በቀጥተኛው በኩል ለውጡ አይታይም ማለት ይቻላል። የበሽሎ ውሃ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት የናይል ደልታ ለጥ ያለው ዓይነት ነው፤ እስክንድርያም የምትገኘው በዚያው ዳርቻ ነው። አሸዋው ቀድሞ ውሃ እስኪጠግብ መራስ አለበት፤ ደረቅ ከሆነ የተጨመረውን ውሃ ስለሚመጠው ልኬቱ ያንሳል።