«ችግር የመፍታት ችሎታ» ምንድን ነው? የምር የሚፈልገው ሥራስ የቱ ነው?

የሥራ ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው ይቺን መስመር በደንብ ያውቃታል፤ «ከፍተኛ ችግር የመፍታት ችሎታ ያለው/ያላት»። ለገንዘብ ያዥም፣ ለጸሐፊም፣ ለኢንጂነርም እኩል ትጻፋለች። ብዙ ጊዜ ከሌላ ማስታወቂያ ተገልብጣ የመጣች ስለሆነች ብዙም አትመኗት።

ችሎታው ራሱ ግን አለ። የቶዮታው ኢንጂነር ታይቺ ኦኖ ያስቀመጣት ምሳሌ ጥሩ አድርጋ ታሳያለች። ማሽን ቆመ። ለምን? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ቅባት አላገኘም። ለምን? የቅባት ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን? ዘንጉ ተበልቷል። ለምን ተበላ? ማጣሪያ ስላልነበረው የብረት ብናኝ ገባበት።

ፊውዙን ቀይሮ የሄደው ሰው ማሽኑን አስነስቷል፣ አይካድም። ግን ተመልሶ መጠራቱ አይቀርም። ችግሩን የፈታው ማጣሪያው ጋ የደረሰው ነው። (በነገራችን ላይ ዘዴው «አምስቱ ለምን» ቢባልም አምስት ጊዜ መጠየቅ ግዴታ አይደለም፤ ሦስተኛው ላይ ከተገኘ በቃ፣ ምክንያቱ ሁለትና ሦስት ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ።)

እንዲህ ዓይነት ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ የመደቡን ስም እለፉትና «ተግባርና ኃላፊነት» የሚለውን አንብቡ። ሁለት የደንበኞች አገልግሎት ማስታወቂያ አለ እንበል። አንዱ «ጥሪ ተቀብሎ በመመሪያው መሠረት መልስ መስጠት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተደጋጋሚ ቅሬታዎችን መርምሮ መነሻቸውን መለየት፣ ከቴክኒክ ክፍል ጋር ሆኖ እንዳይደገሙ ማድረግ»። ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን አይገናኝም። ስለዚህ ፍለጋ ላይ «ችግር ፈቺ» ብላችሁ ከመጻፍ «መመርመር»፣ «መንስኤ መለየት»፣ «አሠራር ማሻሻል» ብትሉ የተሻለ ነገር ይወጣላችኋል። የጥራት ቁጥጥር፣ የውስጥ ኦዲት፣ የዳታ ትንተና፣ የሲስተምና ኔትወርክ አስተዳደር፣ የማሽን ጥገና፣ የወረርሽኝ ቅኝት፣ የአደጋ ምርመራ፦ እነዚህ ጋ ችግር መፍታት ራሱ እንጀራቸው ነው።

ኦኔት ኦንላይን (O*NET OnLine) የሚባል የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሚደግፈው ነፃ ድረ ገጽም አለ። «ውስብስብ ችግር መፍታት»ን እንደ አንድ ክህሎት ይዞ ለየሙያው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። የተሠራው ለአሜሪካ ገበያ ነው፤ ቢሆንም የማታስቡትን ሙያ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ኢንተርቪው ላይ «የፈታኸውን ችግር ንገረኝ» ሲባል አብዛኛው ሰው ውጤቱን ተናግሮ ዝም ይላል። ጠያቂው የሚፈልገው መንገዱን ነው። «የመጋዘን ቆጠራ አልገጥም ብሎ አስተካከልኩት» ማለት ምንም አይነግረውም። «መጀመሪያ ስርቆት ነው ተብሎ ነበር፣ እኔ ግን ልዩነቱ የሚታየው ተመላሽ ዕቃ ባለበት ቀን ብቻ መሆኑን አየሁ፣ ስከታተለው ተመላሹ በሁለት ክፍል ሁለት ጊዜ ይመዘገብ ነበር» ስትሉት ግን ጆሮውን ይሰጣችኋል።

እናንተም ጠይቁ። «በቅርቡ ቡድኑን በጣም ያስቸገረው ነገር ምን ነበር? መፍትሔውንስ ማን ወሰነ?» በሏቸው። «ሁሌ ከላይ ነው የሚመጣው» ካሉ ማስታወቂያው ላይ ያነበባችሁት ሥራ እዚያ ቤት የለም።