የስኳር ሕመም ክትትል በሞባይል፦ የጅማ ይዞታ

ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ዕድሜ ልክ ክትትል ይፈልጋል። ሐኪም የሚገኘው ግን በቀጠሮ ነው። በሁለት ቀጠሮ መሀል ያለውን ጊዜ ነው ሞባይል የሚሞላው፤ መድኃኒት በሚያስታውስ ሜሴጅ፣ ከነርስ በሚደወል ስልክ፣ ልኬት በሚመዘግብ አፕ።

ጅማ ላይ የክትትሉ ምሰሶ ሆስፒታሉ ነው። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተወለደው በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ሲዋሃዱ ነው። ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ኅብረተሰቡ ዘንድ መላክ የቤቱ ባህል ነው፤ በዚህ ጅማን የሚቀድም ካለ ይምጣ! ከጎንደርና ከእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ሐኪሞች ጋር በተሠራው ፕሮግራም ደግሞ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዷል። በሽተኛው ሩቅ መንገድ ከሚመጣ፣ እዚያው ያለችው ነርስ ሠልጥና ታክመው ነው ነገሩ። የስልክ ክትትልም የሚሠራው እንዲህ ያለ ሰው ከጀርባው ሲኖር ነው።



ሜሴጅ ለመላክ ስማርት ስልክ አያስፈልግም። ፊደላችን ግን ቦታ ይፈጃል። በላቲን ፊደል አንድ ሜሴጅ 160 ምልክት ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው። «ሜትፎርሚንዎን ከምግብ ጋር ይውሰዱ። እግርዎን ማታ ማታ ይዩ፤ ቁስል ካለ ክሊኒክ ይምጡ።» ይህ ይገባል። የቀጠሮው ቀንና ሰዓት ሲጨመርበት ግን ሁለት ሜሴጅ ሆኖ ይታሰባል። በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ይህ ችግር የለበትም፤ ጅማ ላይ ደግሞ የብዙው ሰው ቋንቋ እሱ ነው። ማንበብ ለማይችሉት መደወል ይሻላል።

ለጅማ የሚቀርበው ተሞክሮ የሴኔጋል ይመስለኛል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2014 የስኳር ምክር በሜሴጅ መላክ የተጀመረው በረመዳን ነው። ጅማም ጿሚው ብዙ ነው። የሚላከው ምክር ግልጽ ነው፦ ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ጾሙ ይፈታ፤ ሱሁር (ከንጋት በፊት የሚበላው) አይዘለል፤ አፍጥር ላይ ተምሩ አይብዛ። የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፣ ያውም ጾሙ ሳይገባ። ስኳር ለመለካት ጣት መውጋት ጾም ያፈርሳል የሚሉ አሉ፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን አያፈርስም ይላሉ።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደማመሩ የሞባይል ክትትል የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ) በግማሽ መቶኛ ነጥብ ገደማ ዝቅ አድርጓል። ትንሽ ነው የሚሉ አሉ። ልዩነቱ ከዓመት በኋላ ይዘልቃል ወይ የሚለው ግን ገና ያከራክራል።

አፑ የሚበላው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚመጣው ከስትሪፕ ነው፣ የደም ጠብታ ከሚነካው የመለኪያ ቁራጭ። መለኪያው አንዴ ይገዛል። ስትሪፕ ግን በተለካ ቁጥር አንድ ያልቃል፤ ፋርማሲ የሚያመላልሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው የሚለካው ሲያዞረው ብቻ ነው፤ በግራፉ ላይም የሚታዩት የክፉ ቀን ቁጥሮች ናቸው።