ፋንድያ፦ ከፈረስ ጋጣ እስከ ድንች ማሳ

አማርኛ ለየእንስሳው ኩስ ስም አለው። የከብቱ እበት ነው፣ የበግና የፍየሉ በጠጥ፣ የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያው ፋንድያ። እበት በደጋው አገር አብዛኛው ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ፋንድያ እንደ እበት ተጠፍጥፎ አይያያዝም፣ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ለማሳ ሊተርፍ የሚችለው እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ አለ፤ በአዊ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ በብዛት ይገኛል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሶች ተሸልመው ሲጋልቡ አገር ያያል። ጋጣው ውስጥ የሚቀረውን ግን ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው፣ ያሳዝናል። 450 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፈረስ ሽንቱን ጨምሮ በቀን ከ20 ኪሎ በላይ ይጥላል። የደጋችን ፈረስ ትንሽ ስለሆነ ግማሹን፣ 10 ኪሎ ብቻ እንበል። እሱም በዓመት ከ36 ኩንታል ያልፋል።

ታዲያ ትኩሱን ለምን አይበትኑትም? ፈረስ አያመሰኳም። አንዱን ድቡልቡል በእንጨት ቢፈረክሱት ያልደቀቀ ሳር፣ አንዳንዴም ሙሉ የገብስ ፍሬ ያገኛሉ። የአረሙም ዘር እንዲሁ ሳይሞት ያልፋል። የሆድ ትል እንቁላልም አለበት፤ ትኩሱን ግጦሽ ላይ መበተን ትሉን ለፈረሱ መልሶ ማብላት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርምም ስለማይጠፋበት፣ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው በባዶ እጁ አይንካው።

መድኃኒቱ ሙቀት ነው፤ ፋንድያው ተከምሮ ሲበሰብስ ራሱ ይግላል። ክምሩ በቁመትም በወርድም ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን፤ ካነሰ አይግልም። በደንብ የተያዘ ክምር መሀሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፣ አብዛኛው የአረም ዘርና የትል እንቁላል እዚያ ያልቃል። ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየገለበጡ የውጩን ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ፋንድያ ብቻውን ጥሩ ይበሰብሳል። ጉዝጓዙ ገለባ ከበዛ ግን ሥራው ይጓተታል፤ ያን ጊዜ እርጥብ ቅጠል ወይም ትንሽ እበት ጣል ማድረግ ነው።

ቴርሞሜትር የግድ አይደለም። ረጅም እንጨት መሀሉ ላይ ይሰኩና ቆይተው ይንቀሉት። ሞቆና ወርዝቶ ከወጣ ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ ውኃ ያርከፍክፉ። ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ ውኃ በዝቶበት አየር አጥሯል፣ ይገልብጡት። በክረምት ክምሩን ከፍ ያለ ቦታ፣ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ርቆ መሥራትና በሳር ወይም በላስቲክ መሸፈን ይገባል። አለዚያ ፍሬ ነገሩን ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል።

ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ጠቁሮ እንደ ዝናብ አፈር ይሸታል፣ ፋንድያነቱም አይለይም። እንደ አዊ ባለ አሲዳማ አፈር ላይ አሲዱን የሚቀንሰውን ኖራ አይተካም፣ ግን አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበትም ያስይዛል። ድንች ሲተከል በፈሩ ውስጥ ጨምረው ወዲያው አፈር ያልብሱት። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከዋለ ናይትሮጅኑ ይተናል።