«ግቢ ስገባ እገላገላለሁ» የምትል የ12ኛ ክፍል ተማሪ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ናት። ቅዳሜ ቡና ላይ ስትማረር ብዙ ነገር አወራች፤ «ግቢ» የምትለውም ዩኒቨርሲቲን ነው። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን እኔም በእሷ ዕድሜ አምኜው ነበር።

«የሚያረፍድ ተማሪ ሰነፍ ነው።»
ይህን እንኳ እሷ አይደለችም ያለችው፣ አስተማሪዎቿ ናቸው። ጅማ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይወርዳል። ዝናብ ከጣለ ባጃጁ ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። እኔ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ በሸበጥ ጭቃውን እያቦካሁ እሄድ ነበር። በር ላይ እግሬን ታጥቤ ጫማ እስክቀይር ሰልፉ አልቋል። ዘበኛው ሰዓት እንጂ ጭቃ አይታየውም። ቅጣቱ ግቢ መጥረግ ነበር። የምንጠርገውም ያንኑ ያመጣነውን ጭቃ ነው።

«ከክፍል አንደኛ የወጣ አለፈ ማለት ነው።»
ደረጃ የሚያወዳድራችሁ አጠገባችሁ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያ ደግሞ 50 ከመቶ ነው፤ ለአንደኛም ለሃምሳኛም ያው። በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ያንን ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4። ከወደቁት መሀል ካርዳቸው ላይ «1ኛ» የተጻፈላቸው አልነበሩም ብሎ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

«ሶሻል ከመረጥኩ ከሒሳብ ተገላገልኩ።»
ወይ መገላገል! የ12ኛ ፈተና ላይ ሒሳብ ለናቹራል ሳይንስም ለሶሻል ሳይንስም ተማሪ ነው። ፍሬሽማን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይም ለሶሻል ተማሪ ለብቻው የተዘጋጀ የሒሳብ ኮርስ አለ።

«የጅማ ልጅ ነኝ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ።»
ከተማው የኛ፣ ተማሪው የአገር ነው። ምደባ በውጤትና በምርጫ ይሠራል፤ ቤቴ ቅርብ ነው ማለት ብቻውን አያስመድብም። አፏ ይህን ይበል እንጂ ልቧ እንደውም ራቅ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው። እናቷ ግን ይህን አልሰማችም።

«ግቢ ነጻነት ነው። ሰልፍ የለ፣ ዩኒፎርም የለ፣ ‹ወላጅ አምጪ› የለ።»
ወላጅ አምጪ የሚል በእርግጥ የለም። ሰልፉ ግን የባንዲራው ቀርቶ የካፌው ይመጣል፤ ሁለቱም እኩል ያስርባል። ነጻ ስለሚባለው ነገር ደግሞ፣ ምግቡም ዶርሙም ነጻ አይደለም። የወጪ መጋራት ውል ፈርማችሁ ነው የምትበሉት። ሥራ ስትይዙ ትከፍሉታላችሁ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ስኒዋን አስቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ግን እዚያ ሲረፈድ ግቢ ያስጠርጋሉ?»

አያስጠርጉም አልኳት።

«በቃ» አለችኝና ሒሳቧን ልትሠራ ተነሣች።