የጎንደር የአብነት ትምህርት፦ ከሀሁ እስከ አራቱ ጉባኤ

የአብነት ትምህርት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናቷን፣ ቀሳውስቷን፣ መሪጌቶቿንና የመጻሕፍት መምህራኗን የምታፈራበት ሥርዓት ነው። ክፍልና ሴሚስተር የለውም፤ ይሁን እንጂ የቱ ትምህርት ከየቱ እንደሚቀድም፣ ማን ማንን እንደሚፈትንና ማን «ጨረሰ» እንደሚባል ጥርት ብሎ የታወቀ ነው። ደረጃው የሚቆጠረው በ«ቤት» ነው፦ ንባብ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ መጽሐፍ ቤት። ተማሪን ያገኘ ሰው «ምን ቤት ነህ? ማን ዘንድ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሁለቱ ጥያቄዎች ሁለተኛው ይከብዳል፤ ቤቱን ቤት የሚያደርገው መምህሩ ነውና። የኔታ ሲሞቱ ወይም ወደ ሌላ ደብር ሲዛወሩ ምትክ ካልተገኘ ጉባኤው ይታጠፋል፤ ተማሪው አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ሌላ መምህር ፍለጋ ይነሣል። የሥርዓቱ ብርታትም ድካምም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ሁሉን ትምህርት አንድ ቦታ አሟልቶ የሚሰጥ ጉባኤ ብርቅ ነው። ለድጓ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚያዳርሰው የዜማ መጽሐፍ፣ ቤተልሔም ጋይንት ይኬዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት፣ ለሌላው የዜማ ትምህርት፣ ዙር አባ፤ ለቅኔ ጎጃም ተሻግሮ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ አለዚያም ዋድላ። ጎንደር ከተማ የምትታወቀው በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ነገሥታቱ ተራ በተራ አብያተ ክርስቲያናት አነጹ፤ ሕዝቡም «አርባ አራቱ ታቦት» እያለ ይጠራቸዋል። ያን ሁሉ ደብር የሚያገለግል ካህን በአንድ ከተማ ሲሰበሰብ፣ መሬትና ድርጎ ሲሰጠው፣ የማኅሌቱ ሥርዓትና የመጽሐፉ ክርክር እዚያው ደረጀ።

ንባብ ቤት

ልጁ የሚጀምረው በፊደል ገበታ ነው። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፤ አቡጊዳ የፊደሉን ተራ አዘበራርቆ የሚያስቆጥር በመሆኑ ሀሁን እንደ ዘፈን በቃሉ የያዘውንና ፊደሉን በዓይኑ የለየውን ልጅ ይለያል። ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት፣ ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል፣ በመጨረሻ ዳዊት ይመጣል። ዳዊት ሲባል 150ው መዝሙር ብቻ አይደለም፤ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይም አብረው ይነበባሉ፤ ውዳሴ ማርያምም በየዕለቱ ተከፍሎ ይከተላል። ማታ ማታ፣ ብርሃን በሌለበት ሰዓት፣ የቃል ትምህርት ይሰጣል፦ የዘወትር ጸሎትና መልክዐ መልክዕ ከየኔታ ወይም ከትልልቆቹ ተማሪዎች አፍ እየተቀበሉ ማጥናት።

አነባበቡም ደረጃ አለው። በቁጥር ንባብ እያንዳንዱ ፊደል ለየብቻው በጣት እየተነካ ይጠራል፤ በግዕዝ ንባብ ፊደሎቹ ቃል ይሆናሉ፤ በውርድ ንባብ ድምፁ እየተጎተተ ይወርዳል፤ በቁም ንባብ ልጁ እንደ አዋቂ ሳያቋርጥ ያነባል። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው ከግዕዝ በኋላ ነው። የቃሉ መጨረሻ የሚነሣ ወይም የሚወድቅ በመሆኑ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን መለየት ግድ ይሆናል። ተነሽና ሰያፍ ይነሣሉ፤ ወዳቂና ተጣይ ይወርዳሉ፤ ሰያፍና ተጣይ መጨረሻቸው ሳድስ ፊደል ነው። ልጁ ግእዙ ምን እንደሚል ገና ስለማያውቅ ይህን ሁሉ በጆሮው ብቻ ይይዛል። በዚህ ዕድሜ ተነሽን ጥሎ ማንበብ የለመደ ልጅ ቆይቶ ቅኔ ቤት ሲገባ ስሕተቱ ይከተለዋል፤ ዜማ ቤትማ ከነጭራሹ አያስገባውም። ስለዚህ ጠንቃቃ የኔታ ዳዊትን ቶሎ ከማስጨረስ ይልቅ ወንጌሉን ሁለት ጊዜ ያስኬዳሉ።

ብዙው ልጅ ከዚህ አያልፍም፤ ማንበብና መጸለይ ከቻለ ወላጁም ይበቃዋል። ድቁና የሚፈልግ ወደ ቅዳሴ ቤት ገብቶ ግብረ ዲቁናውን ይማራል፤ ቅስና የሚያስብ ደግሞ 14ቱን ቅዳሴያት በደብረ ዓባይ ወይም በሰለልኩላ ዜማ ይይዛል።

ዜማና ቅኔ

የዜማ ቤት መሠረት የቅዱስ ያሬድ ድርሰቶች ናቸው፦ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍና ዓመቱን ሙሉ የሚያዳርሰው ድጓ። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይከፈላል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ቁርጥ፣ ሂደት፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ምልክቶቹን ያበጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ምልክቱ ግን የተማረውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ ያልተማረውን አያስተምረውም። የድፋቱን ጥልቀት፣ የርክርኩን ብዛት የሚወስነው የመምህሩ አፍ ነው። ተማሪው መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር የሚቀጽለው (ዜማውን ከአፋቸው እየተቀበለ የሚያዜመው) ለዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግማሹን ድጓ በቤተልሔም ዜማ፣ ግማሹን አጫብር በሚባለው ሌላ ስልት የቀጸለ ተማሪ የሚደርስበት ነው፤ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ ሲደባለቁ በየትኛውም ማኅሌት የማይሄድ ዜማ ይወጣል፤ ማስተካከሉ እንደ አዲስ ከመጀመር ይብሳል።

ድጓን የጨረሰ ተማሪ ወደ ማስመስከሪያው፣ ወደ ቤተልሔም፣ ሄዶ የተማረውን በምስክር መምህሩ ፊት ያዜማል፤ የያዘው መጽሐፍም ይታያል፣ ይታረማል። ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አባ እንዲሁ ይመሰከራል፤ ዝማሬው ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል።

ቅኔ ቤት የዚህ ሁሉ አንጎል ነው። ሌላው ቤት የተነገረውን መልሶ መስጠትን ሲጠይቅ ቅኔ ቤት ያልተነገረውን ይጠይቃል። ተማሪው በግስ ይጀምራል፤ የግእዝ ግሶችን ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ በሚባሉት ስምንት አርእስት ሥር እያስገባ ያረባል፤ ከዚያ አገባብ ይከተላል። ቃላቱ ሲጠራቀሙለት ቅኔ ቆጠራ ይገባል፦ ቀን ከጎጆው ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ የዕለቱን ቅኔ ያሰናዳል፤ ማታ በነገራ ሰዓት ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና ነው፤ 2 ቤት (ስንኝ) ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ በ3፣ ዋዜማ በ5፣ ሥላሴ በ6፣ እያለ እስከ መወድስ 8 ቤት ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይቻልም፤ የሌላውን ሰው መንገርም ነውር ነው። ዜማው ሊሰበር፣ ቤቱ ላይመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ላይጋጠም ይችላል፤ በብዛት የሚታየው ጉድለት ግን ተማሪው ወርቁን አስቀድሞ ያገኝና ሰም ሲያጣለት በግድ የሚለጥፍበት ነው። መምህሩ ይህን ከሁለት ቃል ያውቁታል። ሴት የቅኔ መምህር ጥቂት ብትሆንም የለችም ማለት አይደለም፤ የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ተማሪ አስቀኝተዋል።

ጎንደር፦ አቋቋምና መጽሐፍ

አቋቋም ዜማውን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚያቆም ትምህርት ነው። አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ በመረግድ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በጽፋት ይፈጥናል። ከጎንደር ሌላ ተክሌና አጫብር የሚባሉ ስልቶች አሉ። የጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር በመሆኗ ሌላ አገር የተማረው ጭምር ለማስመስከር ወደዚያው ይመጣል። ድጓ ሳይቀጽል አቋቋም የሚገባ አለ፤ እግሩና እጁ ይለምዳል፣ ቃሉ ግን ያጥርበታል፤ በክብረ በዓል ዋዜማ ማን እንደዚህ እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

መጽሐፍ ቤት አራት ጉባኤ አለው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ተቆጥሮ 81 ይሆናል፤ በሊቃውንት ሃይማኖተ አበው፣ ቄርሎስና ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይገኛሉ፤ በመነኮሳት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ። አራቱንም የጨረሰ «አራት ዓይና» ይባላል፤ እንዲህ ያለው ሊቅ በየዘመኑ በጣት የሚቆጠር ነው። ትምህርቱ የሚሄደው በአንድምታ ነው። የግእዙ ንባብ ይነበባል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ «አንድም» እየተባለ ሌላ ሌላው ፍች፣ ታሪኩና ሐተታው ይደረደራል። ተማሪው የመምህሩን ቃል ሳያዛንፍ ይይዛል፤ የራሱን ሐሳብ የሚጨምረው ወንበር ከዘረጋ፣ ማለትም ራሱ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ነው፣ ያውም በጥንቃቄ። ቅኔ ሳይቀኝ መጽሐፍ ቤት የገባ ግን ግእዙ ለምን እንደዚያ እንደተፈታ ስለማይገባው አማርኛውን ብቻ ይሸመድዳል።

ትርጓሜው ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ታች ቤትን የመሠረቱት መምህር ኤስድሮስ ናቸው። ልዩነቱ በሃይማኖት አይደለም፤ በአፈታትና በአደራደር ነው።

ይህን ያህል በቃል የመያዙን ጥቅም የጎንደር ታሪክ ራሱ ያሳያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ሲበዘብዙ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ፤ በኋላ እንግሊዞች ከዚያው ከመቅደላ ብዙዎቹን ወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ ከተማዋን አቃጠለ። ብራናው ተወስዶና ተቃጥሎ ትርጓሜውና ዜማው የቀጠለው ከሞት የተረፉት መምህራን በቃላቸው ስለያዙት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን የዘመን አቆጣጠሩ ትምህርት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ አለ። ስሌቱ በቃል ይሠራል። ለ2018 ዓ.ም. ብንሞክረው፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ «ወንበር» የሚባለው ቁጥር 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) «አበቅቴ» የሚባለው ቁጥር 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ «መጥቅዕ» የሚባለው 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተዋል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር) 7 ነው፣ 18ና 7 ሲደመር 25፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ስለሆነ 25ና 9 ተደምሮ 34፣ በ30 ሲገደፍ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ጀማሪ የሚሳሳተው መጥቅዑ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት መዋሉን ዘንግቶ በመስከረም ሲቆጥር ነው፤ የዕለቱ ተውሳክም አብሮ ይሳሳታል።

ኑሮውና መደበኛው ትምህርት

ተማሪው ከደብሩ አጠገብ በሠራት ጎጆ ይኖራል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ከቤቱ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ይዞ የሚመጣ አለ፤ የሩቅ አገር ልጅ ግን ስንቁ ቶሎ ያልቅበታል። በገጠር በሩ ሁሉ ክፍት ነው፤ በጎንደር ከተማ ግቢው በቆርቆሮ ስለሚታጠር የተማሪው ድምፅ ቤት ውስጥ አይሰማም፤ ውሻው ግን ይሰማዋል። ጎጆው ጠባብ፣ ነዋሪው ብዙ ሲሆን ቅማልና እከክ፣ ቀጥሎም ተስቦ ይገባል፤ ጉባኤ የሚበተንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መደበኛው ትምህርት ቤት በበኩሉ ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7ና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ከ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደርሳል። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በንባብ ቤት ብቻ ነው፤ የከተማው ልጅ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የኔታ ዘንድ ይውላል። ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። ድጓ ያስመሰከረ ሰው የ8ኛ ክፍል ማስረጃ ላይኖረው ይችላል፤ ያስመሰከረው ድጓም በመደበኛው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል እንኳ አያስዘልለውም። ስለዚህ ብዙዎች ማታ ይማራሉ። ለቅኔ ተማሪ ይህ አይመችም፤ ነገራና የማታ ክፍል አንድ ሰዓት ላይ ይጋጫሉ። የአቋቋምና የመጽሐፍ ተማሪ ትምህርቱን ቀን ስለሚጨርስ ይሻለዋል፤ የማታ ትምህርት የሚያስብ ተማሪም ቅኔውን አስቀድሞ ቢጨርስ ይመከራል።