ኦፕንኖትስ፦ የሐኪምን ማስታወሻ ለታካሚ መክፈት

ኦፕንኖትስ ሐኪም ከምርመራ በኋላ የጻፈውን ማስታወሻ ታካሚው ራሱ በኢንተርኔት ከፍቶ የሚያነብበት፣ በአሜሪካ የተጀመረ አሠራር ነው። ካርድ ክፍል ደጃፍ ወረፋ ጠብቆ ያደገ ሰው የነገሩ ክብደት አይጠፋውም፤ ካርዱ ስሙን ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ሲዞር ባለቤቱ ገልጦ አያየውም። አሜሪካም ከዚህ ብዙ አልተሻለችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግና ደንቦቹ የመዝገብ ቅጂ የማግኘት መብት ቢሰጡም፣ ታካሚው ቅጽ ሞልቶ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘብ ከፍሎ፣ እስከ 30 ቀን ሊጠብቅ ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሐኪሙ ቶም ዴልባንኮና ነርስና ተመራማሪ የሆኑት ጃን ዎከር የመሩት ሙከራ በሦስት የሕክምና ተቋማት ተጀመረ፦ በቦስተኑ ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ፣ በፔንሲልቬኒያው ጋይሲንገርና በሲያትሉ ሃርቦርቪው። 105 ሐኪሞች ማስታወሻቸውን ለአንድ ዓመት ከፈቱ። ብዙዎቹ ታካሚው ይደነግጣል፣ በጥያቄም ያጣድፈናል ብለው ሰግተው ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን መልሼ ልዝጋ ያለ አንድም ሐኪም አልነበረም። አስተያየት ከሰጡት ታካሚዎች 99 በመቶው አሠራሩ እንዲቀጥል ፈለጉ። መድኃኒት ከሚወስዱት መካከልም እንደየቦታው ከ60 እስከ 78 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒታቸውን ከበፊቱ በተሻለ እንደሚወስዱ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነገሩን ግዴታ አደረገው፤ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮም ማስታወሻው ያለክፍያ ለታካሚው ክፍት ሆነ። ተለይቶ የሚቀመጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ማስታወሻን የመሰሉ ጥቂት ነገሮች ብቻ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ችግሩ ቋንቋው ላይ ነው። ሐኪሙ «የደረት ሕመም የለኝም ብላለች» ለማለት የሚጠቀምበት የእንግሊዝኛ ቃል በቀጥታ ሲተረጎም «ካደች» ይሆናል፤ እውነቷን የተናገረች እናት ውሸታም የተባለች ይመስላታል። «ኤስ ኦ ቢ» ለሐኪም የትንፋሽ ማጠር ምሕጻረ ቃል ነው፤ ለሌላው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ጸያፍ ስድብ ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ፦ የካንሰር ምርመራ ውጤት ዓርብ ማታ ስልክ ላይ ይደርሳል፣ የሚያስረዳው ሐኪም የሚገኘው ሰኞ ነው። እንዲህም ሆኖ ማወቅ ይሻላል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመና ከ22,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ማስታወሻቸውን ካነበቡት ከአምስቱ አንዱ ስሕተት አግኝቶበታል፤ ከእነዚህም 40 በመቶው ስሕተቱን ከባድ ብለውታል። ታካሚው እርማት ሲጠይቅ ተቋሙ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ እንቢ ካለም ታካሚው ተቃውሞውን በጽሑፍ አስገብቶ ከመዝገቡ ጋር ማስያዝ ይችላል።

ይህ መብት በአሜሪካ ለሚኖረው የእኛ ሰው የበለጠ ያስፈልገዋል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፣ አንዱ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ሁለት ሰው ይመስላል፣ በስደት የገባ ብዙ ሰው ደግሞ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። አንዱ መዝገብ ከሌላው ጋር ተምታቶ የፔኒሲሊን አለርጂ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ሐኪሙ ፊት በነጻ የሚቀርብ አስተርጓሚ አለ፤ ቤት ሲገባ ግን ማስታወሻውን ለእናት የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ለዚህ ሕጋዊው መንገድ የውክልና ፈቃድ ነው፤ ልጅ በራሱ የይለፍ ቃል ይገባል፣ በብዙ ተቋማትም እናት የትኛውን ክፍል እንደሚያይ ትወስናለች። የእናትን የይለፍ ቃል ወስዶ መግባት ግን ለልጇ ያልነገረችውን ሁሉ ሳትጠየቅ መግለጥ ነው።