ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፦ ከዕድር ድንኳን እስከ ፓርላማ ኮሚቴ

ዕድር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ተረት በቃሉ ያውቀዋል። አዲስ ድንኳን ሊገዛ ሲታሰብ፣ ለታመመ ጎረቤት ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ የሰፈር መንገድ መዋጮ ሲጠየቅ፣ ሊቀመንበሩ «ሃምሳ ሎሚ…» ብለው ሲጀምሩ ቤቱ ቀሪውን ይጨርስላቸዋል። እጅ ወደ ኪስ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ትርጉሙን የጠየቀ ልጅ ካለም «ተረዳዱ፣ ተባበሩ ማለት ነው» ይባላል። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ተረቱ ከምክር አልፎ የሥራ ክፍፍል ሕግ ይዟል፤ ያንን የሚያነሳው ሰው ግን ብዙ አይደለም።

መነሻው ሎሚው ራሱ ላይ ነው። ሎሚ በአገራችን ወጥና ሻይ ውስጥ ከመግባቱ ባሻገር የእጅ ነገር ነው። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው እሱን ነው፤ ሰው በበዛበት በዓል በእጅ ይዘው የሚያሸቱትም እሱን ነው። አንድ ሎሚ የያዘ እጅ ያጌጠ እጅ ነው። ተረቱን ያወጣው ሰው ሃምሳ ድንች ያላለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ድንች ለሃምሳ ሰው ቢከፋፈል ሸክሙ ይቀላል እንጂ ማንንም አያስጌጥም።

ሸክሙስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። የአገር ቤት ሎሚ ትንሽ ናት፤ ሃምሳዋ ብትመዘን ሁለት ወይም ሁለት ኪሎ ተኩል ብትሆን ነው። በዘንቢል ከሆነ ልጅም ተሸክሟት ይሮጣል። የሚያስቸግረው ክብደቷ ሳይሆን መንከባለሏ ነው። በባዶ እጅ አራት አምስቱን ይዘው ስድስተኛዋን ሊያነሱ ሲሉ የመጀመሪያዋ ታመልጣለች፤ እሷን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ የቀሩት ይበተናሉ። ተረቱ ከዘመዱ ከ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለየውም በዚህ ነው። ድሩ ተገምዶ አንድ ይሆናል። ሎሚዎቹ ግን አይገመዱም፤ እያንዳንዷ በአንድ እጅ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፣ የማን እጅ ላይ እንዳለችም ከሩቅ ይታያል። ሃምሳ ለሃምሳ የተባለው ለቤት መምቻ ብቻ አይደለም። ለዐሥር ሰው ቢታደል ለእያንዳንዱ አምስት ይደርሰውና መንከባለሉ ይቀጥላል።

ይህን አነባበብ ለመፈተን ከአራት ኪሎ የተሻለ ቦታ የለም። ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎን ያለውን፣ ባለ ሰዓት ማማውን የፓርላማ ሕንፃ አብዛኞቻችን የምናውቀው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ሲመልሱ በቴሌቪዥን ነው። ያን ዕለት በአካባቢው ካፌዎች የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ማኪያቶ የያዘው አስተናጋጅ ሳይቀር ቆሞ ያያል። በማግስቱ በኮሚቴ ክፍሎቹ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም። አንድ ረቂቅ አዋጅ በመጀመሪያ ንባብ ቀርቦ «ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴው ተመራ» ሲባል ለእኛ ዜናው አልቋል። ሥራው የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። አንቀጽ በአንቀጽ የሚነበበው፣ ባለድርሻ አካላት ተጠርተው የሚደመጡት፣ የውሳኔ ሐሳቡ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ ሁለተኛው ንባብ ላይ እጅ የሚወጣው በአብዛኛው ኮሚቴው ባበሰለው ጉዳይ ላይ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይገድባል። ኮሚቴን በሚመለከት ግን በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 19 ላይ አጭር ነገር ነው ያለው፤ ምክር ቤቱ ለሥራው የሚያስፈልጉትን ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎች እንዲያቋቁም ሥልጣን ሰጥቶ ያልፋል። ስንት ይሁኑ፣ ማን ይምራቸው፣ አባል በምን መስፈርት ይመደብ የሚለው ምክር ቤቱ ለራሱ ለሚያወጣው ደንብ ተትቷል። ስለዚህ «የኮሚቴ አሠራር ይሻሻል» ሲባል ሕገ መንግሥት ይነካ ማለት የሚመስለው ሰው ይረጋጋ። ምክር ቤቱ በአንድ ጠዋት ስብሰባ፣ በአብላጫ ድምፅ የሚለውጠው ነገር ነው። ያልተለወጠው ስለማይቻል አይደለም።

መጀመሪያ ለአንድ እጅ ስንት ሎሚ ይደርሳል የሚለውን እንይ። የአስፈጻሚው አደረጃጀት በተቀየረ ቁጥር ኮሚቴዎቹም አብረው ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። በ2011 ካቢኔው ከ28 ወደ 20 ዝቅ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ 22 ሆኑ። ቋሚ ኮሚቴዎቹ ከሚኒስቴሮቹ ስለሚያንሱ አንዱ ኮሚቴ ከአንድ በላይ ሚኒስቴር ይይዛል፣ በዚያ ላይ የየሚኒስቴሩ ተጠሪ ተቋማት አሉ። የዚህን ውጤት የመስክ ምልከታ ላይ የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ኮሚቴው ረፋድ ላይ ይደርሳል። ሪፖርቱ ለአባላቱ የሚታደለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስላይዱ ይከፈታል፣ «አፈጻጸማችን ከዕቅዳችን አንጻር» እየተባለ በመቶኛ ይነበባል። ጥያቄ ይነሳል፣ ሦስት አራቱ ተጠቃሎ ይመለሳል። ከዚያ ግብረ መልሱ ይመጣል፦ «በጠንካራ ጎን የታየ… ይሁን እንጂ…» ከ«ይሁን እንጂ» በኋላ ያለው ለምሳ ሰዓት ሲባል ያጥራል። በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ሌላ ተቋም ጋ ነው። ጥፋቱ የሰዎቹ ነው ብዬ አላምንም፤ ስድስተኛዋን ሎሚ ሲያነሱ የመጀመሪያዋ አምልጣለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ ሎሚውን የሚያድለው ማን ነው? የእንግሊዝ ፓርላማ የገጠመውን እዚህ ማንሳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1979 ለየሚኒስቴሩ የሚቆም ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ተዋቀረ። ኮሚቴው ውስጥ ማን ይግባ የሚለውን ግን በተግባር የሚወስኑት የፓርቲ ተጠሪዎቹ ነበሩ። በ2001 መንግሥት ሁለት የማይመቹ ሰብሳቢዎችን፣ የትራንስፖርቷን ግዊኔዝ ደንዉዲንና የውጭ ጉዳዩን ዶናልድ አንደርሰንን፣ ከዝርዝሩ ሊያወጣ ሞከረ። ሁለቱም የገዢው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። የገዛ ፓርቲያቸው አባላት ጭምር አምፀው ዝርዝሩን ጣሉት፤ ሰብሳቢዎቹም ተመለሱ። ቢሆንም አመራረጡ ሳይነካ ቆየ። በ2009 የአባላቱ የወጪ ቅሌት ሲፈነዳና ምክር ቤቱ በሕዝብ ፊት ሲዋረድ ቶኒ ራይት የሚመሩት ኮሚቴ ማሻሻያ አቀረበ፦ ሰብሳቢዎቹን መላው ምክር ቤት በሚስጥር ድምፅ ይምረጥ፣ አባላቱ በየፓርቲያቸው ውስጥ ይመረጡ፣ የአንዱ ኮሚቴ ቁጥርም ከ11 አይብለጥ። በ2010 የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች በዚህ መንገድ ተመረጡ። የ11 ቁጥር ለእኔ ከሚስጥር ድምፁ አያንስም። ሃያ ሰው ባለበት ኮሚቴ ውስጥ ሪፖርቱን ያላነበበው አይታወቅም፤ በዐሥራ አንዱ ውስጥ ይታወቃል።

«የእኛ ምክር ቤት አንድ ፓርቲ የሞላው ስለሆነ ምርጫው ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሰኔ 2013ቱ ምርጫ በኋላ መጀመሪያ ውጤት ከተገለጸላቸው 436 መቀመጫዎች 410ን ያሸነፈው ብልጽግና ነው። እንዲያም ሆኖ በሚስጥር ድምፅ የተመረጠ ሰብሳቢ ውለታው ለድምፅ ሰጪ ባልደረቦቹ ነው፤ ተመድቦ የመጣ ሰብሳቢ ዓይኑ መዳቢው ላይ ነው። ይህ በአንድ ፓርቲ ውስጥም ለውጥ ያመጣል። ቁጥራቸው ጥቂት የሆኑትን የተቃዋሚ አባላት በየኮሚቴው አንድ አንድ አድርጎ መበተን ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ድምፃቸውን ማሟሟት ነው፤ እኔ ብሆን የመንግሥትን ገንዘብ በሚከታተለውና ሕግ በሚመረምረው ኮሚቴ ሰብሰብ አደርጋቸዋለሁ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ ያለውን የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ የተቃዋሚ ወገን እንዲመራው ልማድ ሆኗል። የእኛም ስድስተኛ ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል ሰጥቶ ነበር። ዋና ኦዲተሩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ስለሆነ፣ ይህ ኮሚቴ ከሌሎቹ በተለየ በእጁ ላይ የተቆጠረ ነገር አለው፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ክፍያ። የተቋም ኃላፊዎች በመገናኛ ብዙኃን ፊት የሚፋጠጡበት መድረክም ይኸው ነው። አሠራሩ በሰብሳቢው መልካም ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል ግን ልማዱ በደንብ ላይ መስፈር አለበት።

ጊዜውም ጠባብ ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ መሐል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለው፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ በጀቱን ለማጽደቅ የሚሮጥበት ወር ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ክትትሉ ነው። በእንግሊዝ ኮሚቴ ሪፖርት ሲያወጣ መንግሥት በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ «አልቀበለውም» ቢልም ምክንያቱን ጽፎ ነው። በእኛ መድረክ የለመድነው መልስ «የተሰጡንን አስተያየቶች እንደ ግብዓት ወስደን በቀጣይ እናስተካክላለን» የሚል ነው። መቼ? ማን ያየዋል? ተረቱን አምርሮ የያዘ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ የውሳኔ ሐሳብ አንድ የአባል ስምና አንድ ቀን ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፍራል። ቀኑ ሲደርስ ሚኒስቴሩን ደብዳቤ የሚጠይቀው ያ አባል ነው፤ መልስ ካልመጣ ስሙ የሚነሳውም የእሱ ነው። በመስከረም ምክር ቤቱ ሲከፈት እያንዳንዱ ኮሚቴ የዓመቱን ዕቅድ ከማቅረቡ በፊት ባለፈው ዓመት ያልተመለሱለትን ጥያቄዎች ከነባለቤቶቻቸው ያንብብ። ለዚህ አዲስ አዋጅ ቀርቶ አዲስ በጀት እንኳ አያስፈልግም።